አንቲቦዲ ላይ የተሰካው ስኳር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ስለ ሾተላይ፣ ስለ ደንጊ፣ ስለ ሥጋ አለርጂ እና ስለ መገጣጠሚያ ሕመም የተጠየቁ ናቸው። ለየብቻ ቢላኩም መልሳቸው አንድ ቦታ ይገናኛል፦ አንቲቦዲ (ሰውነት ጀርምን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) ላይ በተሰካች ትንሽ የስኳር ቅርንጫፍ። ስለዚህ አብረን አቀረብናቸው።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። አንቲቦዲ ላይ ስኳር እንዳለ በሬዲዮ ሰማሁ። የምበላው ስኳር ሄዶ እሱ ላይ ይለጠፋል ማለት ነው? ሻይ ያለ ስኳር ብጠጣ በሽታ የመከላከል አቅሜ ይሻሻል ይሆን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ሐኪምዎ በየጥቂት ወሩ የሚያዩት የሄሞግሎቢን ኤ1ሲ ምርመራ የሚለካው ደም ውስጥ የበዛ ግሉኮስ በራሱ ጊዜ ፕሮቲን ላይ ሲጣበቅ ነው። ይህን የሚሠራ ኢንዛይም የለም፤ ስኳሩ በበዛ ቁጥር መጣበቁም ይበዛል። አንቲቦዲ ላይ ያለው ግን በልክ የሚገጠም ነው። አንቲቦዲውን የሚያመርተው ነጭ የደም ሕዋስ ገና ወደ ደም ሳይለቀው፣ ኢንዛይሞቹ አንዱን የስኳር ዓይነት በሌላው ላይ እየቀጠሉ ይሠሩታል።

ቅርጹን እንዲያስቡት፦ በደማችን በብዛት የሚገኘው አንቲቦዲ አይጂጂ ይባላል፤ የባላ እንጨት ይመስላል። ሁለቱ የባላው ጫፎች ጀርሙን ይይዛሉ። ግንዱ ደግሞ የመከላከያ ሕዋሳት የሚጨብጡት እጀታ ነው። ይህ ግንድ ከሁለት ሰንሰለት የተሠራ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሰንሰለት ላይ 297ኛ ቦታ ካለው አሚኖ አሲድ፣ ከአስፓራጂን፣ አንድ የስኳር ቅርንጫፍ ይበቅላል። ሥሩ ላይ ሁለት ኤን አሴቲል ግሉኮሳሚን፣ ከዚያ ሦስት ማኖስ የሚባሉ ስኳሮች አሉ፤ ማኖሱ ላይ ለሁለት ይከፈልና በየእጁ አንድ አንድ ኤን አሴቲል ግሉኮሳሚን ይይዛል። እስከዚህ ያሉት ሰባቱ ሁልጊዜ ያሉ ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነት የሚፈጥሩት ተጨማሪዎቹ ናቸው፦ ሥሩ ላይ የምትለጠፍ ፉኮስ፣ ጫፎቹ ላይ የሚቀጠል ጋላክቶስ፣ ከጋላክቶሱም በላይ ሲያሊክ አሲድ። ሁሉም ተደምሮ ከአንቲቦዲው ክብደት ከ2 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ስኳር ጨርሶ ቢወገድ አንቲቦዲው ጀርሙን መያዙን አይተውም፤ የመከላከያ ሕዋሳት ግን እጀታውን አጥብቀው መጨበጥ ያቅታቸዋል።

ሻይዎን ያለ ስኳር መጠጣትዎ ለስኳር ሕመምዎ ይጠቅማል፣ ይቀጥሉበት። አንቲቦዲው ላይ ያለውን ቅርንጫፍ የሚቀያይሩት ግን ዕድሜ፣ እርግዝና፣ ብግነት እና አንቲቦዲው የተሠራበት ባዕድ ነገር ዓይነት ናቸው።

ጥያቄ፦ የእኔ ደም ኦ ኔጌቲቭ፣ የባለቤቴ ፖዘቲቭ ነው። የመጀመሪያ ልጄን በሰላም ወለድኩ፣ የሾተላይ መርፌ ግን አልተወጋሁም። አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ፀረ ዲ አንቲቦዲ 1፡32 ተገኝቶብኛል። ጎረቤቴም በእርግዝናዋ ጊዜ እንደ እኔው 1፡32 ነበራት፣ ልጇ ግን ምንም ሳይሆን ተወለደ። ቁጥሩ እኩል ከሆነ እኔ የምሰጋው ለምንድን ነው? መርፌውን አሁን ብወጋስ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር፤ መርፌው አሁን አይጠቅምዎትም። መርፌው ሰውነትዎ ፀረ ዲን፣ ማለትም ፖዘቲቭ የደም ሕዋስ ላይ ያለውን ዲ የሚባል ፕሮቲን የሚይዘውን አንቲቦዲ፣ መሥራት እንዳይጀምር የሚከላከል ነው፤ አንዴ ከተጀመረ ግን ሊያቆመው አይችልም። አሁን የሚያስፈልግዎት የቅርብ ክትትል ነው፤ ይህን ሳያውሉ ሳያድሩ ያድርጉት። ብዙ ሆስፒታሎች የአንቲቦዲው መጠን 1፡16 ሲደርስ ክትትሉን ያጠብቁታል፤ እርስዎ ከዚያ አልፈዋል። ዋናው ምርመራ በዶፕለር አልትራሳውንድ በሕፃኑ አንጎል መካከለኛ የደም ቧንቧ ውስጥ የሚያልፈውን ደም ፍጥነት መለካት ነው። ደም ያነሰው ሕፃን ደሙ ይቀጥንና በፍጥነት ይሮጣል። ፍጥነቱ ለዚያ የእርግዝና ሳምንት ከሚጠበቀው መካከለኛ 1.5 እጥፍ ካለፈ ብርቱ የደም ማነስ ይጠረጠራል። ያኔ እንደ እርግዝናው ዕድሜ ማሕፀን ውስጥ ደም መስጠት ወይም ቀደም ብሎ ማዋለድ ይታሰባል። ይህ ምርመራ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ስለሚደጋገም፣ ምርመራውም የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍልም ያለበት ሆስፒታል ከአሁኑ ይያዙ። ልጁ እንደተወለደ ከእትብቱ ደም የደም ዓይነቱ፣ ሄሞግሎቢኑና ቢሊሩቢኑ (ቀይ የደም ሕዋስ ሲፈርስ የሚወጣው ቢጫ ነገር) ይታይ። ቢጫ መሆኑ በመጀመሪያው ቀን ከጀመረ «የፀሐይ ሙቀት ይበቃዋል» ብሎ ቤት ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ ቢሊሩቢን አንጎል ውስጥ ከገባ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ። ከሁሉ ቀድሞ የሚጠረጠረው ቀላሉ ነገር ነው፦ የእሷ ልጅ ራሱ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ፖዘቲቭ አባት ከሁለቱ ጂኖቹ አንዱ ብቻ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ኔጌቲቭ የመሆን ዕድሉ ግማሽ ነው። አንቲቦዲው ቢኖርም የሚይዘው ነገር የለም።

ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖም ያልተጎዳ ከሆነ ግን ቁጥሩ ያልነገረን ነገር አለ ማለት ነው። 1፡32 የሚለው ምን ያህል አንቲቦዲ እንዳለ ነው፤ ያ አንቲቦዲ ምን ያህል ስለታም እንደሆነ አይናገርም። ስለቱን ከሚወስኑት አንዷ ፉኮስ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይጂጂ የእንግዴ ልጁን ተሻግሮ ሕፃኑ ጋ ሲደርስ ቀይ የደም ሕዋሱን ይይዛል፣ ግን አይገድለውም። የሚገድሉት ጣፊያ ውስጥ ያሉ ማክሮፋጅ የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው፤ የአንቲቦዲውን እጀታ ጨብጠው ሕዋሱን ይውጡታል። የሚጨብጡበት ተቀባይ ኤፍሲ ጋማ 3ኤ ይባላል፤ እሱም በበኩሉ 162ኛ ቦታው ላይ የራሱ ስኳር አለው። ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሊሳሳሙ ሲሉ አንዳቸው በመሃል ዘንቢል ቢይዙ እንዴት እንደሚሆን ያስቡት፤ ይደርሳሉ፣ ግን አይጠጋጉም። ፉኮስ ያቺ ዘንቢል ናት። አንቲቦዲው ፉኮስ ከሌለው ሁለቱ ስኳሮች ይነካካሉ፣ ጭብጡም እስከ 50 እጥፍ ሊጠነክር ይችላል። በጤነኛ ጎልማሳ ሰው ደም ውስጥ ካለው አይጂጂ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ፉኮስ አለው፤ ማለትም በአብዛኛው ለዘብ ያለ ነው። በአንዳንድ እናቶች ግን ፀረ ዲ አንቲቦዲው ላይ ብቻ ፉኮሱ በጣም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 በኔዘርላንድ የወጣ ጥናት የእናትየው ፀረ ዲ ፉኮስ ባነሰ ቁጥር የሕፃኑ ደም ማነስ እየበረታ እንደሚሄድ አሳይቷል። እኩል 1፡32 ይዘው ሁለት እናቶች የተለያየ ዕጣ ሊገጥማቸው የሚችለው በዚህ ነው። የአንቲቦዲው ንዑስ ዓይነትም ድርሻ አለው፤ አይጂጂ 1 እና አይጂጂ 3 እኩል አይሠሩም።

የፉኮስ ልኬት በመደበኛ ሆስፒታል የሚሠራ ምርመራ አይደለም፣ ስለዚህ «ምርመራው ይሠራልኝ» ብለው አይልፉ። ዶፕለሩ የሚያየው ውጤቱን ራሱን ነው፤ ለእርስዎ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ይህን ለምታነቡ ሌሎች ኔጌቲቭ እናቶች አንድ ነገር እናሳስብ። መርፌው ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው የሚሰጠው። ሰዓቱ ቢያልፍም እስከ 10 ቀን ድረስ መስጠት ጨርሶ ከመተው ይሻላል። 300 ማይክሮግራም የሚበቃው ወደ እናት ለገባ 15 ሚሊ ሊትር የሕፃን ቀይ የደም ሕዋስ ነው፤ ብዙ ደም ከተቀላቀለ ተጨማሪ ያስፈልጋል። ከውርጃ፣ ከማሕፀን ውጭ እርግዝና፣ በእርግዝና ጊዜ ከሚመጣ ደም መፍሰስ እና ሆድ ላይ ከሚደርስ ምት በኋላም ይሰጣል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከውርጃ በኋላ ያለው ነው፤ በሚቀጥለው እርግዝና የምናየው ሾተላይ እንዲህ ካለ ያመለጠ ቀን ሊጀምር ይችላል።

የሚያስደንቀው፣ ይህ መርፌ ራሱ ከሰው ደም የተለየ ፀረ ዲ አንቲቦዲ መሆኑ ነው። በገበያ ላይ ያሉት ዝግጅቶች ሲመረመሩም ፉኮሳቸው በተለያየ መጠን የቀነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ማሕፀን ውስጥ ሕፃኑን የሚጎዳው ስለት፣ ከወሊድ በኋላ የእናትየው ሰውነት ሳይነቃ የሕፃኑን ሕዋሳት ከደሟ ቶሎ ጠርጎ ያወጣል። የካንሰር መድኃኒት ሠሪዎችም ይህንኑ ነው የተጠቀሙበት፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ጃፓን የፈቀደችው ሞጋሙሊዙማብ ፉኮስ የሚለጥፈው ጂን ከተወገደበት ሕዋስ የሚመረት ነው፤ በ2013 አሜሪካ ውስጥ ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነት የተፈቀደው ኦቢኑቱዙማብም ፉኮሱ እንዲቀንስ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ ድሬዳዋ ደንጊ ሲገባ ይዞኝ ነበር። ሁለተኛ ከያዘህ ይብስብሃል ይሉኛል። አንድ ጊዜ የያዘው ሰው መከላከያ ማበጀት አልነበረበትም? ይህ ከሆነ ክትባትስ አያስፈራም?

መልስ፦ ድሬዳዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 የተነሣውን ወረርሽኝ ብዙዎች ያስታውሱታል። የደንጊ ቫይረስ አራት ዓይነት ነው። አንዱ ከያዘዎት ለዚያ ለአንዱ መከላከያ አበጅተዋል፤ ሌላው ሲመጣ ግን የቀድሞው አንቲቦዲ ቫይረሱን ይይዘዋል እንጂ አያመክነውም። ከዚያ የመከላከያ ሕዋስ የአንቲቦዲውን እጀታ ሲጨብጥ ቫይረሱን ወደ ውስጡ ያስገባዋል፤ ቫይረሱም እዚያው ይራባል። ፉኮስ ከሌለ ጭብጡ ጠንካራ ስለሆነ ይህ ይባባሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በሁለተኛ የደንጊ ሕመም ጊዜ ፕላትሌታቸው (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ክፉኛ የወረደባቸው ሰዎች ፉኮስ የሌለው አይጂጂ 1 በዝቶባቸው አግኝቷል። በኮቪድ 19 ጽኑ ሕሙማን ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል።

ሁሉም ሁለተኛ ሕመም ይከፋል ማለት አይደለም፤ በአብዛኛው በሰላም ያልፋል። ትኩሳት ሲይዝዎት ፓራሲታሞል ይውሰዱ፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ግን አይንኩ፣ ደም መፍሰስን ያብሳሉ። አደገኛው ጊዜ ትኩሳቱ የሚበርድበት ነው፤ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ «ተሻለኝ» ሲሉ ብርቱ የሆድ ቁርጠት፣ የማያቆም ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ ወይም መፍዘዝ ከመጣ ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይሂዱ።

ስለ ክትባት ላነሡት፦ ሰውነት ፉኮስ አልባ አንቲቦዲ የሚሠራው በዘፈቀደ አይመስልም። ባዕዱ ፕሮቲን በሕዋስ ወይም በቫይረስ ሽፋን ላይ ተተክሎ ሲያገኘው ፉኮሱን ይቀንሳል፤ ፕሮቲኑ ብቻውን በክትባት ሲሰጠው ግን እንደወትሮው ፉኮስ ያለው ይሠራል። የጉበት ቫይረስ ቢ ይህን ያሳያል፦ በሕመሙ ያለፈ ሰው ፀረ ቫይረስ አንቲቦዲ ፉኮሱ ያነሰ ነው፣ የተከተበ ሰው ግን አይደለም። ወባም ላይ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት በጋና በተፈጥሮ ወባ ሲመላለስባቸው የኖሩ ሰዎች፣ የወባው ተሕዋስ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ በሚያወጣው ፕሮቲን ላይ የሠሩት አንቲቦዲ ፉኮሱ የቀነሰ ነበር፤ ያንኑ ፕሮቲን በሙከራ ክትባት የወሰዱት ግን አልነበረም። ወባ ላይ ስለቱ ይፈለጋል፣ ደንጊ ላይ ይፈራል። የክትባት ባለሙያዎች ከአንቲቦዲው ብዛት አልፈው ስኳሩንም ማየት አለባቸው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። በበጋ መዥገር ነክሶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክትፎ በበላሁ ሌሊት እየነቃሁ ሰውነቴ ያብጣል፣ ያሳክከኛል። ዶሮ ስበላ ግን ደህና ነኝ። መዥገርና ሥጋ ምን ያገናኛቸዋል?

መልስ፦ ያገናኛቸው አልፋ ጋል የሚባል ስኳር ሊሆን ይችላል። ከብት፣ በግ፣ ፍየልና አሳማ ሥጋቸው ውስጥ አላቸው፤ ሰው ግን የለውም፣ ዶሮና ዓሣም የላቸውም። ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የሚገኘው ጀርባው ላይ ነጭ ነጥብ ያለው መዥገር ሲነክስ ሰውነት በዚህ ስኳር ላይ አይጂኢ የሚባለውን የአለርጂ አንቲቦዲ ይሠራል። ምልክቱ ከተበላ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ ማታ የተበላ ሥጋ ሌሊት ላይ ያስነሣል። ብዙዎች ከምግቡ ጋር የማያገናኙት ለዚህ ነው።

ነገሩ የታወቀው በአንድ መድኃኒት ምክንያት መሆኑ ከርዕሳችን ጋር ያያይዘዋል። ሴቱክሲማብ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ራሱ አንቲቦዲ ነው፤ የሚመረተው ግን በአይጥ ሕዋስ ውስጥ በመሆኑ አልፋ ጋል ይለጠፍበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ጥናት መድኃኒቱን በአብዛኛው በቴነሲ፣ በአርካንሳስና በሰሜን ካሮላይና ከወሰዱ 76 ሕሙማን 25ቱ አለርጂ ገጠማቸው፤ ከነዚህም 17ቱ ገና መድኃኒቱን ሳይጀምሩ ይህ አይጂኢ በደማቸው ነበር።

የአለርጂ ሐኪም ጋ ሄደው የአልፋ ጋል አይጂኢ የደም ምርመራ ይጠይቁ። እስከዚያው ቀይ ሥጋ ይተዉ፤ ጥሬም ይሁን የበሰለ ለውጥ የለውም፣ ስኳሩ በእሳት አይጠፋም። አንዳንዱ ሰው ወተትና ቅቤም ይነካዋል፣ ስለዚህ ቅቤ የገባበት ወጥ በበሉ ጊዜ ምን እንደሚሰማዎት ይመዝግቡ። የሚጾሙ ከሆነ በጾም ወራት ሁሉም ደህና ይመስልና ለፋሲካ ሊያገረሽብዎ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ምላስዎ ካበጠ 911 ይደውሉ። አዲስ የመዥገር ንክሻ አለርጂውን ስለሚያነሣሣው ሣር ውስጥ ሲገቡ ረጅም ሱሪና ካልሲ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ሩማቶይድ አርትራይቲስ አለብኝ። ሳረግዝ ሕመሙ ጠፋ ማለት ይቻላል፣ ከወለድኩ በኋላ ግን ተመለሰ። ይህም ከስኳሩ ጋር ይያያዛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በከፊል አዎ። እ.ኤ.አ. በ1985 የታወቀው የዚህ ሕመም ተጠቂዎች አይጂጂ ጫፉ ላይ ጋላክቶስ እንደሚጎድለው ነው። ጉድለቱ ሕመሙ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ሊታይ ይችላል። በእርግዝና ጋላክቶሱ ይጨምራል፣ ከወሊድ በኋላ ይወርዳል፤ ሕመሙም አብሮት ይሄድና ይመጣል። ብቸኛው ምክንያት እሱ ነው አንልም፣ በእርግዝና ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ደግመው ለማርገዝ ካሰቡ ሜቶትሬክሴት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው፣ ከማርገዝዎ በፊት፣ ሐኪምዎን አነጋግረው መቋረጥ አለበት፤ ጽንስ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የአይጂጂ ስኳር ለመለካት ሞክሬ ሲያሊክ አሲዱ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ይጠፋል። ስህተቴ የት ይሆን? (ከጎንደር)

መልስ፦ ከደረጃዎቹ ጋር አብረው ይፈትሹ። 10 ማይክሮ ሊትር ሴረም ወደ 100 ማይክሮግራም አይጂጂ ስላለው ይበቃል። አይጂጂውን ከሴረሙ የሚለዩት በፕሮቲን ጂ ይሁን፤ ፕሮቲን ኤ አይጂጂ 3ን አይይዝም። ሲያሊክ አሲድ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፦ አንቲቦዲውን በአሲድ ካወጡ በኋላ ወዲያው ፒኤቹን ካላስተካከሉ፣ ወይም አሲዱ ውስጥ እንዳለ ካሞቁት ሲያሊክ አሲዱ ይረግፋል።

ቀጥሎ አንቲቦዲውን በኤስዲኤስ (ፕሮቲን የሚፈታ ሳሙና) እና በዲቲቲ (ሰንሰለቶቹን የሚያላቅቅ ኬሚካል) በ100 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ይፍቱት። ስኳሩን የሚቆርጠውን ኢንዛይም፣ ፒኤንጌዝ ኤፍን፣ ከማስገባትዎ በፊት ኤንፒ 40 የሚባለውን ለስላሳ ሳሙና መጨመርዎን ያረጋግጡ፤ ኤስዲኤሱ ብቻውን ከቀረ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። በ37 ዲግሪ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ጥቂት በጄል ላይ ያሂዱ፤ ከባዱ ሰንሰለት ትንሽ ዝቅ ካላለ ስኳሩ አልተቆረጠም፣ ወደፊት መሄድ ጊዜ ማባከን ነው።

ስኳሩ በመሣሪያ እንዲታይ የሚያበራ ቀለም ሲለጥፉበት (ሁለት ኤቢ የሚባለውን በ65 ዲግሪ፣ እስከ 3 ሰዓት) ናሙናው ፍጹም ደረቅ ይሁን። ማቅለሚያው ውስጥ አሴቲክ አሲድ አለ፤ ውኃ ካገኘ አሁንም ሲያሊክ አሲድ ይቆርጣል። ስኳሮቹን የሚለየው ኮለም ላይ ሲጭኑ ናሙናው በአብዛኛው አሴቶናይትራይል ውስጥ ካልሆነ በግራፉ ላይ የሚታዩት ጉብታዎች ይፈርሳሉ።

«ሲያሊክ አሲዱ በዛ» ላሉት ሌላ ምክንያት አለ። ከአይጂጂው ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው በባላው ጫፍ፣ ጀርም በሚይዝበት በኩል፣ ተጨማሪ ስኳር አለው፤ ያ ደግሞ ሲያሊክ አሲድ የበዛበት ነው። ፒኤንጌዝ ኤፍ ሁሉንም አደባልቆ ያወጣል። ለመለየት አንቲቦዲውን ፕሮቲን በሚቆርጠው ኢንዛይም፣ በትሪፕሲን፣ ቆርጠው በማስ ስፔክትሮሜትር (ቁራጮችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ) ይዩት፤ የ297ኛው ቦታ ስኳር ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ባለው ቁራጭ ላይ እንደተሰካ ስለሚወጣ የት እንደነበረ ይታወቃል፣ አይጂጂ 1ም ከአይጂጂ 2 ይለያል።

መሣሪያው ከሌለ በሌክቲን (ስኳር በሚይዝ ፕሮቲን) ኤላይዛ የሚባለውን የፕሌት ምርመራ መሥራት ይቻላል፣ ግን ስኳሩ በሁለቱ ሰንሰለቶች መሃል የተደበቀ ስለሆነ አንቲቦዲው ካልተፈታ ሌክቲኑ አይደርስበትም። ፕሌቱን በወተት አይሸፍኑ፤ የወተት ፕሮቲን የራሱ ስኳር አለው፣ ባዶው ጉድጓድ ሁሉ ያበራል። ጥናትዎ ስለ አንድ የተለየ አንቲቦዲ፣ ለምሳሌ ስለ ፀረ ዲ፣ ከሆነ ደግሞ የጠቅላላውን አይጂጂ ፉኮስ መለካት ምንም አያሳይዎትም። ፀረ ዲው ከጠቅላላው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለውጡ በአማካዩ ውስጥ ይሰጥማል። አስቀድመው ፖዘቲቭ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ አስይዘው፣ አጥበው፣ ከዚያ ያውጡት፤ ከኔጌቲቭ ሕዋስ ጋርም በተመሳሳይ መንገድ ሠርተው ያወዳድሩ።